ከሀሁ እስከ ቁም ንባብ፤ ፊደልን ከድምፅ የማገናኘት ትምህርት በአገራችን

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ድልድይ ወይም ግድብ ወይም የባቡር ሐዲድ እመርጣለሁ ብለው ገምተው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠውን፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለኖረም ማንም እንደ ጥበብ ሥራ የማይቈጥረውን የፊደል ገበታን መርጫለሁ። ገበታው በ33 ረድፍና በ7 ዐምድ የተዘረጋ፣ 231 ክፍሎች ያሉት ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ተነባቢው ይለወጣል፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሄዱ አናባቢው ይለወጣል። ከእኛ መካከል በሠንጠረዥ ያልሠራ ባለሙያ አይገኝም። ሆኖም የሕይወታችንን የመጀመሪያ ሠንጠረዥ የተማርነው በአራትና በአምስት ዓመታችን፣ በዜማ፣ ሠንጠረዥ መሆኑንም ሳናውቅ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድመረምር ያደረገኝ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ልጅ አንድን ምልክት አይቶ ድምፁን የሚያወጣው፣ ድምፁንም ሰምቶ ምልክቱን የሚጽፈው እንዴት ነው? አባቶቻችን ይህን ግንኙነት ለማስተማር ምን ዘዴ ፈጠሩ? ዘዴውስ የት ላይ ሠራ፣ የት ላይስ ጎደለ? እነዚህ ጥያቄዎች ለመምህራን ብቻ የሚተዉ አይደሉም፤ ምልክትንና የሚወክለውን ነገር ማጣመር የእኛም ሙያ ነውና።

እንደሚታወቀው ፊደላችን ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት ጋር የተዛመደ ነው። ያ ጽሕፈት 29 ተነባቢዎች ነበሩት፤ ግእዝ ከእነዚህ 24ቱን ይዞ፣ ለባዕድ ቃላት ጰ እና ፐን ጨምሮ 26 አደረሳቸው። ሀ ለ ሐ መ የሚለው ቅደም ተከተልም የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሶርያ ጠረፍ በኡጋሪት በተጻፈ የሸክላ ሰሌዳ ላይ ይኸው ቅደም ተከተል ተገኝቷል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሕፃን በጎንደር ወይም በደብረ ብርሃን ሀ ለ ሐ መ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የትምህርት ቤት ዝርዝር እየደገመ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የሚጻፈው ተነባቢው ብቻ ነበር፤ አናባቢውን አንባቢው ከቋንቋው ዕውቀት አውጥቶ ይሞላ ነበር። በዒዛና ዘመን በአክሱም በተቀረጹት ጽሑፎች ውስጥ ሁለቱንም ሁኔታ እናያለን፤ አናባቢ የሌለው የግእዝ ጽሑፍም፣ አናባቢው በየፊደሉ ቅርጽ ላይ የተመለከተበትም አለ። ይህ ለውጥ ለንጉሡ ምን እንደጠቀመው የታሪክ ሊቃውንት ይናገሩ፤ ለሕፃን የሰጠው ጥቅም ግን ግልጽ ነው። አናባቢ በሌለው ጽሕፈት ለማንበብ ቃሉን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አናባቢው ከተመለከተ በኋላ ግን ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል፣ እንዲያውም የማይናገረውን ቋንቋ፣ ከምልክቱ ብቻ ተነሥቶ ድምፁን ሊያወጣ ይችላል። ግእዝ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ከተወሰነ በኋላ፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ የሆነው ሕፃን ዳዊትን ሊደግም የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አማርኛ በበኩሉ ግእዝ ያልነበሩትን ድምፆች ይዞ በመጣ ጊዜ ሰባት ረድፎች ተጨመሩ፤ እነርሱም ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ ናቸው። ይህን ሥራ ማን እንደ ሠራው ስሙ አልተመዘገበም፤ ሥራው ግን የሠለጠነ እጅ ያለበት ነው። ሸ ከሰ፣ ቸ ከተ፣ ኘ ከነ፣ ዠ ከዘ፣ ጀ ከደ፣ ጨ ከጠ የተወለዱት በአናታቸው ላይ ምልክት እየተጨመረባቸው ነው፤ በአፍ ውስጥም ስንመለከት እያንዳንዱ አዲስ ድምፅ ከወላጁ የሚለየው ምላስ ወደ ላንቃ ቀረብ በማለቱ ነው። አንድ ዓይነት የድምፅ ለውጥ በአንድ ዓይነት ምልክት ተወከለ ማለት ነው። (ኸ ብቻ ከዚህ ደንብ ትወጣለች፤ እርሷ የከ መላላት ናት።) ስንት ጊዜ ነው እኛ በየመሥሪያ ቤታችን ለአዲስ ነገር አዲስ ምልክት ስንፈልግ ከነባሩ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሥዕል የምንፈጥረው!

የዐምዶቹም ነገር እንደዚሁ ነው። ካዕብ በአብዛኛው በቀኝ ወገብ ላይ ቅጥያ፣ ሣልስ በቀኝ እግር ላይ መርገጫ፣ ራብዕ የረዘመ ወይም የታጠፈ እግር፣ ኃምስ በእግር ላይ ቀለበት አለው። ሳድስና ሳብዕ ግን ጠባያቸው የተለያየ ነው፤ ረ እና ፈም እግራቸው እንደ ሌሎቹ ስላልሆነ ደንቡን በራሳቸው መንገድ ይከተላሉ። ደንቡ ፍጹም ቢሆን ኖሮ ልጁ 231 ነገር ሳይሆን 33 አካልና 7 ለውጥ፣ በድምሩ 40 ነገር ብቻ ተምሮ ይጨርስ ነበር። ደንቡ ፍጹም ባለመሆኑ የሚማረው ነገር ከ40 ይበልጣል፤ ከ231 ግን በእጅጉ ያንሳል። ጥያቄው ይህን ትርፍ ልጁ እንዲያገኘው መምህሩ ይረዳዋል ወይስ አይረዳውም የሚለው ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ፊደላችን ከላቲኑ ይልቅ ለሕፃን እጅግ የራራ ነው፤ ይኸውም የፊደሉ ስምና ድምፁ አንድ መሆናቸው ነው። በእርግጥ ለፊደሎቹ ሆይ፣ ላዊ፣ ሐውት፣ ማይ የሚሉ ጥንታዊ ስሞች አሏቸው፤ ነገር ግን ሕፃን ከእነዚህ ጋር አይታገልም። ለን "ለ" ይላታል፣ በንባብ ውስጥም "ለ" ሆና ያገኛታል። በአውሮፓ እንዲህ አልነበረም። በዚያ ልጆች የፊደሎቹን ስም እየጠሩ ሲያጣምሩ ከስሞቹ ድምር ቃሉ አይወጣም ነበር። ጀርመናዊው መምህር ቫለንቲን ኢክልዛመር እ.ኤ.አ. በ1527 ንባብን በአጭር ጊዜ ስለ መማር መጽሐፍ ሲያሳትም የታገለው ከዚህ ችግር ጋር ነው፤ ልጁ የፊደሉን ስም ትቶ ድምፁን እንዲያወጣ ነበር የመከረው። እርሱ እንደ ግኝት ያቀረበውን ነገር የእኛ ሕፃናት እንደ ተራ ነገር ሲያደርጉት ኖረዋል።

አሁን ወደ የኔታ ዘንድ እንሂድ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጠራ የሚጀምረው በሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ነው። በስንደዶ ወይም በእንጨት መጠቆሚያ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ፣ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአንድነት ይለዋል። በዚህ ላይ ብዙ ትችት ተሰንዝሯል፤ "በቃል መሸምደድ ነው" ይባላል። ትችቱ እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም። እኔም በቤቴ አይቼዋለሁ፤ ልጄ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ሳትሳሳት ትወርደዋለች፣ ነገር ግን በድንገት ሴን ነክቼ "ይህ ማነው?" ስላት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች "ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ" ብላ ቆጥራ ነው "ሴ!" የምትለኝ። ይህ ማለት ምልክቱ ከድምፁ ጋር ገና አልተጣመረም ማለት ነው፤ የተጣመረው ድምፁ ከተራ ቁጥሩ ጋር ነው። ከመጋዘን አንድ ዕቃ ለማውጣት ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሮ ሁሉን እየነኩ መሄድን ይመስላል። ዕቃው ይገኛል፤ ነገር ግን አንድ ገጽ ለማንበብ በዚህ ፍጥነት ሰዓታት ያስፈልጋሉ። ጊዜው ያልፋል፣ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያም ከልጁ አእምሮ ይጠፋል።

ተቺዎቹ የሚረሱት ግን የኔታም ይህን አሳምረው ማወቃቸውን ነው። መድኃኒቱንም አዘጋጅተው ነበር፤ እርሱም አቡጊዳ ነው። ሀሁን የፈጸመ ልጅ ወዲያው ወደ ሁለተኛው ገበታ ይሻገራል፤ የዚያም የመጀመሪያው ረድፍ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ይላል። ጠጋ ብለን ስንመለከተው ጥበቡ ይገለጣል። አናባቢው እንደ ሀሁ ከግእዝ እስከ ሳብዕ በሥርዐት ይሄዳል፤ ተነባቢው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ በአ በ ገ ደ ተራ ይለወጣል። በሌላ አነጋገር ልጁ በገበታው ላይ የሚሄደው በአግድም ሳይሆን በሰያፍ ነው። ሀሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ዜማው አይረዳውምና። ማለፍ የሚችለው ተነባቢውንና አናባቢውን በየራሳቸው ለይቶ ያወቀ ብቻ ነው። እኛ አንድን መሣሪያ በተለመደው ጭነት ብቻ ሳይሆን ባልተለመደውም እንደምንፈትን፣ የኔታም ሕፃኑን ቅደም ተከተሉን አፍርሰው ይፈትኑታል። የማስተማሪያው ጥቅም ከዚህ አልፎ ለዓለም ቋንቋ ጥናትም ስም ሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካዊው የጽሕፈት ሥርዐት ተመራማሪ ፒተር ዳንኤልስ፣ በፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ጥቆማ፣ አናባቢው በተነባቢው አካል ላይ የሚመለከትባቸውን ጽሕፈቶች ሁሉ፣ የሕንድን ጭምር፣ "አቡጊዳ" ብሎ ሰይሟቸዋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትም ከሀ ለ ሐ መ ይልቅ የአ በ ገ ደን ተራ የተከተሉ መሆናቸውን የገለጣቸው ሁሉ ያውቃል፤ ቃል ፈልጎ ያጣም ያውቃል!

ከአቡጊዳ በኋላ ልጁ የዮሐንስን መልእክት ይዞ ወደ ንባብ ይገባል። ንባቡም ደረጃ አለው። በቁጥር ንባብ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየነጠለ ይጠራል። በግእዝ ንባብ ፊደሎቹን አያይዞ፣ ነገር ግን ድምፁን እየጎተተ ያነባል። በውርድ ንባብ ቃላቱን በሥርዐታቸው ይለማመዳል፤ በቁም ንባብም እንደ አዋቂ ያነባል። በዚህ መካከል የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የተባሉትን የአነባበብ ስልቶች ከየኔታ አፍ ይቀበላል። ይህ ሁሉ በገጹ ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው። ከፊደል ወደ ፊደላት ጥምረት፣ ከጥምረት ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ ተፈታ ንባብ የሚወስደው ይህ መሰላል ዛሬ በውጭ አገር የንባብ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘው ራሱ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል።

ይሁንና ሁለት ነገር ጎድሎት ነበር። አንደኛው ትርጉም ነው። ልጁ ድምፁን ሲያወጣ የሚያወጣው የማይሰማውን ቋንቋ ስለሆነ፣ ንባብና መረዳት በዓመታት የተራራቁ ሁለት ትምህርቶች ሆኑ። ሁለተኛው ጽሕፈት ነው። ጽሕፈት የንባብ ታናሽ ወንድም ሳይሆን ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ነበር፤ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ ያለበት። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ነገር ግን ስሙን የማይጽፍ ሰው ማግኘት የሚያስገርም አልነበረም። ከምልክት ወደ ድምፅ የሚወስደው መንገድ ለብዙዎች ተከፍቶ፣ ከድምፅ ወደ ምልክት የሚመልሰው መንገድ ለጥቂቶች ብቻ ቀረ።

የመመለሻው መንገድ ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። በግእዝ ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ሰረቀ ሌብነት ነው፣ ሠረቀ የፀሐይ መውጣት ነው፤ መሀረ አስተማረ ማለት ነው፣ መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው። በአማርኛ ድምፆቹ ተቀላቅለው አንድ ሲሆኑ ምልክቶቹ ግን ባሉበት ቆዩ። ከዚህም በላይ ከእነዚሁ ቤቶች በአንዳንዶቹ ግእዙና ራብዑ በድምፅ አንድ ሆኑ፤ ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣ በአማርኛ አይለዩም። አሳዛኙ ነገር ሕፃኑ የሚጀምርበት የገበታው የመጀመሪያ ረድፍ ራሱ ደንቡን የሚያፈርስ መሆኑ ነው፤ ሀን እንደ ለ፣ መ፣ ረ ቢያነብ ይታረማል።

ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ብዙ ምልክት ወደ አንድ ድምፅ ይወስደዋል። ለሚጽፍ ግን መንገዱ በየመስቀለኛው ይከፈላል። "ፀሐይ" የሚለውን ቃል እንውሰድ። ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ አለ፤ ለሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ተብለው 6 ምርጫዎች አሉ። ስለዚህ ቃሉ በ12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይነበባሉ። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም ብናሰላ 24 ይደርሳል። የስም ዝርዝር በኮምፒዩተር ያዘጋጀ ባልደረባ ሁሉ የዚህን ቁጥር ትርጉም በራሱ ድካም ያውቀዋል፤ ያው ሰው ሦስት ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ድምፅ የማይለየውን ነገር ለማስተማር ሊቃውንቱ የተጠቀሙበት ዘዴ ደስ የሚያሰኝ ነው። ፊደሉን በአንድ የታወቀ ቃል ይጠሩታል፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ጆሮ የማይሰጠውን መረጃ በቃል መለያ መተካት ማለት ነው። ይህ መለያ ግን የሚጠቅመው የቃሉን የግእዝ ሥር ለሚያውቅ ነው። ትርፎቹን ፊደላት እናስወግድ የሚለው ክርክር ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በተደጋጋሚ የተነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ብናወጣ 35 ምልክቶች ቀንሰው 196 ይቀራሉ። በቁጥር ደረጃ ቅነሳው ማራኪ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ክርክሩ ከሚገባው በላይ ትኩረት ወስዷል፤ ሕፃንን ማንበብ የሚከለክለው ሠ አይደለም። ሠ የሚያስቸግረው ለጸሓፊው ነው፤ ጸሓፊውም አድጎ፣ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚታረም ሰው ነው።

ሕፃኑን የሚያስቸግረው ትርፉ ሳይሆን የጎደለው ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያመለክትም። "ገና" ሲላላ "እስካሁን" ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ "ዋና" ሲላላ በውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ ነው፤ "አለ" ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ኖረ። ሳድሱም እንደዚሁ ሁለት ጠባይ አለው። "ብርድ" በሚለው ቃል ውስጥ ሦስቱም ሳድስ ናቸው፤ ብ ከአናባቢ ጋር ትነበባለች፣ ር እና ድ ግን ያለ አናባቢ ይዘጋሉ። ገበታው ላይ ልጁ ሦስቱንም ከአናባቢ ጋር ነው የተማራቸው። እንደ ተማረው እየነጠለ ቢያነባቸው ቃሉን አያውቀውም። ማንበብ የሚችል ልጅ የሚያደርገው ነገር ድምፆቹን አያይዞ፣ ከዚያ በአፉ ከሚያውቀው ቃል ጋር አስተያይቶ ማስተካከል ነው። ይህ የሚቻለው ቃሉን በአፍ ሲያውቀው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር ለእኛ ፊደል የፖለቲካ ጥያቄ ከመሆኑ በፊት የአሠራር ጥያቄ ነው።

ይህን ቀድመው ያዩ ሰዎች ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ፣ ልጅ በሚናገረው ቋንቋ እንዲያነብ የተዘጋጀ ሥራ ነው፤ ፊደሉም የግእዝ ፊደል ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ 14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ በዚያ ዋናው ትኩረት የውጭ ቋንቋዎች ነበሩ። ለብዙኃኑ ሕፃናት ፊደልን ያደረሰው ግን አንድ ወረቀት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታ። በርካሽ ዋጋ በገበያ ይሸጥ የነበረው ይህ ወረቀት ከየኔታ እግር ሥር ያልተቀመጠውን ሁሉ ደርሶለታል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ በ15 ቋንቋዎች መማሪያ አዘጋጅቷል፤ ለሁሉም ያገለገለው የግእዝ ፊደል ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ የንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። የቴክኒኩ ፈተና የታየውም እዚህ ላይ ነው። ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢዎች አሉት፤ ሰባቱ ዐምዶች ለአሥሩ አይበቁም። መጥበቅም በኦሮምኛ ትርጉም ይለውጣል፤ ፊደሉ ግን አያሳየውም። በ1984 ዓ.ም. የላቲን ቁቤ ሲመረጥ ብዙ ምክንያቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ መካከል ይህ የድምፅና የምልክት አለመመጣጠን አንዱ ነበር። በፊደሉ የሚኮራ ሰው ይህን እንደ ስድብ ሊወስደው አይገባም። ለአንድ ቋንቋ የተለካ ልብስ ለሌላው ሊጠብ ይችላል።

ችግሩን ከሌላው ጫፍ ለማየት የእንግሊዝን ሙከራ በአጭሩ ልጥቀስ። የአጭር ጽሕፈት ፈጣሪ የሆነው የአይዛክ ፒትማን የልጅ ልጅ ሰር ጄምስ ፒትማን፣ እንግሊዝኛ በ26 ፊደል 44 ያህል ድምፆችን ስለሚጽፍ ልጆች ይደናገራሉ ብሎ፣ ለጀማሪዎች ብቻ የሚያገለግል ባለ 44 ምልክት ፊደል አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1961 በትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ልጆቹ በእርግጥ ፈጥነው አነበቡ። ነገር ግን ወደ መደበኛው ፊደል መሻገር ነበረባቸው፤ እዚያ ላይ ብዙዎቹ ተሰናከሉ፣ ሙከራውም በ1970ዎቹ እየከሰመ ሄደ። ዋናውን መንገድ ሳይጠግኑ ጊዜያዊ መንገድ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ለእኛ ማኅበር አባላት ማስረዳት አያስፈልግም። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ልጅ ቃሉን እንደ ሥዕል በሙሉ ይወቀው የሚሉና ፊደልን ከድምፅ ያጣምር የሚሉ ወገኖች ይከራከሩ ነበር፤ የጄን ቾል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የብሔራዊ የንባብ ጉባኤ ሪፖርት ለሁለተኞቹ ፈርደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 ከመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች፣ አማርኛን ጨምሮ፣ ድምፅን በጆሮ ከመለየት ተነሥተው ፊደልን ከድምፅ የሚያጣምሩ አዳዲስ መማሪያዎች ተዘጋጅተዋል። እዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልሰንዝር። ስለ አዲሱ ዘዴ ሲነገር ሀሁን እንደ አሮጌ ዕቃ ማጣጣል ይታያል። እኔ እንደማየው ጥፋቱ የሀሁ ሳይሆን፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ ዘዴ ግማሹን ብቻ መውሰዱ ነው። ሀሁን ወሰደ፤ አቡጊዳን ተወ። ዜማውን ወሰደ፤ ፈተናውን ተወ። በሰባ ልጅ ክፍል ውስጥ በአንድነት የሚጮኸው ሀሁ ማን እንዳወቀና ማን ከጓደኛው እንደተከተለ አይለይም፤ የኔታ ግን እያንዳንዱን ልጅ ከፊታቸው አቁመው በሰያፍ ይጠይቁት ነበር። አቡጊዳን ከሀሁ ጎን፣ ሀሁ ሳያልቅ፣ ረድፍ በረድፍ መስጠት ቢጀመር፣ ከሀ ይልቅም ደንቡን በሚያከብሩት በለ ወይም በበ ረድፍ ቢጀመር፣ ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ፊደሉን ወደ ተነባቢና አናባቢ ከፍሎ ማየት ለእኛ ሙያ እንግዳ አይደለም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ያጋጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ 231 ምልክት በመኪናው ቁልፎች ላይ አይገባምና አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ መምታት አስፈለገ። ግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ይሁን እንጂ በስልክ ላይ የሚጽፍ ልጅ ዛሬም በአብዛኛው ተነባቢውን ነክቶ አናባቢውን ያስከትላል፤ ሉን ለመጻፍ በአንድ ጣት ለን፣ በሌላው ኡን ይነካል። የኔታ በሰያፍ ያስተማሩትን ነገር ጣቱ በሌላ መንገድ እየተማረው ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ውስጥ በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ያስቀመጧት ነጥብም እ.ኤ.አ. በ2005 በዩኒኮድ ውስጥ የራሷን ቦታ አግኝታለች፤ በልጆች የማንበቢያ መጻሕፍት ውስጥ ግን ቦታዋ ገና ባዶ ነው።